ሰባተኛው ጎተራ ሲሞቅ

በ2098 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ እሳት አይቶ የሚያውቅ ወጣት ማግኘት ቀላል አልነበረም። እንጨትና ከሰል ማንደድ ከተከለከለ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎታል። ክብሪት የሚሸጥ ሱቅ የለም። ከተማው የሚሞቀው በኖራ ነበር።

በየሦስት ቀኑ ከአፋር በረሃ ነጭ ባቡር ይመጣል። የታሸጉት ፉርጎዎች የሚያመጡት በመስተዋት በተሰበሰበ ፀሐይ የደረቀ ኖራ ነው። ኖራው ወደ ጎተራዎቹ ይገለበጣል። ጎተራ የሚባሉት ከከተማው በስተምሥራቅ የተደረደሩ፣ ቁመታቸው የዐሥራ ሁለት ፎቅ ያህል የሆነ ዘጠኝ የኮንክሪት በርሜሎች ናቸው። ከሥራቸው ውሃ እየተለካ ይረጫል፣ ኖራው ይፈላል፣ ሙቀቱን በቧንቧ ውስጥ የሚዞር ዘይት ተሸክሞ ወደየቤቱ ያደርሰዋል። የረጠበው ኖራ እንደገና ሊደርቅ ወደ በረሃው ይመለሳል።

ሙቀት የሚለቀቀው ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት፣ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ሕፃን የሚታጠበው፣ ሊጥ ኩፍ የሚለው፣ የታመመ ሰው ልብሱ የሚቀየረው በዚያ ሰዓት ነው። በሌላው ጊዜ የየቤቱ ቫልቭ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ይውላል። ማኅተም የቆረጠ ቤት ለአንድ ወር ሙቀት አያገኝም። ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከፊደል እኩል የሚማሩት ነገር ነጭ አቧራ የነካው እጅ ዓይን እንደማይነካ ነው። ከጎተራ ሠራተኛ ጋር የሚኖር ሰውም ሠራተኛው ልብሱን ሳያራግፍ አያቅፈውም።

ልኬለሽ አጥናፌና ባለቤቷ ንጋቱ ወልደዮሐንስ ግን እርስ በርስ ሲተቃቀፉ ማንም ማንንም አያራግፍም ነበር። ሁለቱም የሰባተኛው ጎተራ ሠራተኞች ናቸው። እሷ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከጎተራው ጎን ባለችው ባለ መስኮት ክፍል ተቀምጣ ስድስት የሙቀት መለኪያዎችን ታነባለች። ሃያ አንድ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሱ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ሲሆን የመዝጊያዎች መካኒክ ነው። ልጅ አልወለዱም። ቤታቸው ከጎተራው ቁልቁል፣ ጎተራ ሥር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምታስተምረው ልኬለሽ ነበረች። የሁሉም ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ሙቀት የሚወጣው ነገር ሲሰባበር ይመስላቸዋል።

«የተገላቢጦሽ ነው» ትላቸዋለች። «መፍታት ሙቀት ይበላል። ማሰር ሙቀት ያወጣል። በረሃው ላይ ፀሐይ ኖራውንና ውሃውን አፋታቻቸው፤ ያን ሁሉ ሙቀት የጨረሰችው ለዚህ ነው። እዚህ ውሃ ስንሰጠው ተመልሶ ይተሳሰርና የበላውን ይተፋል።»

ባለፈው ዓመት አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ፣ «አንዴ ከጀመረ እንዴት ነው የሚያቆመው?» ብላት ነበር።

«ውሃውን መዝጋት ነው።»

«ውሃው ቀድሞ ከገባስ?»

ልኬለሽ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እስኪያልቅ መጠበቅ ነው» አለቻት። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በጎተራው ምዕራብ በኩል ከመሠረቱ አጠገብ ያለው ሦስተኛው መለኪያ ሃያ ስድስት ዲግሪ አሳየ። ደንበኛው ሃያ ሁለት ነው፤ የዚያ ጠዋት ሙቀት ተረኛ ሌላ ጎተራ ስለነበር የሰባተኛው ውሃ መርጫ አልተከፈተም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ አሁንም ያካፋል። ልኬለሽ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ አንድ ደረሰ።

አዲስ አበባ ወዳለው የጎተራዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ደወለች። ያነሳው ድምፁ ገና ልጅ የሚመስል ተረኛ ነበር።

«ሰባተኛ ጎተራ፣ ሦስተኛው መለኪያ ሠላሳ አንድ ነው። ውሃ መርጫው ዝግ ነው። ውሃ ከሌላ ቦታ እየገባ ነው።»

«ተመዝግቧል። ክትትል ያድርጉና በየሠላሳ ደቂቃው ሪፖርት ይላኩ።»

«ወንድሜ፣ ሠላሳ ደቂቃ ከቆየ ሃምሳ ይገባል።»

«መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው፣ እህቴ።»

በኋላ እንደተጣራው፣ ከጎተራው ጀርባ የሚያልፍ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ከመሬት በታች ተሰንጥቆ ኖሯል። ውሃው የጎተራውን መሠረት ተከትሎ ሲሄድ ቀጭን መግቢያ አገኘ። ከስንጥቁ ይፈስ የነበረው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ የሚያፈሰውን ያህል ነው። ጎተራው ውስጥ ደግሞ ዘጠኝ ሺህ ቶን ደረቅ ኖራ ነበር።

እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ሁለቱም ያውቁታል። ከሥር ያለው ትልቁ መዝጊያ ይከፈትና ገና ያልረጠበው ኖራ ወደ ፉርጎ ይፈሳል። የረጠበው ብቻውን ፈልቶ ይጨርሳል። ልኬለሽ ቁልፉን ተጫነች። የመዝጊያው ሞተር ድምፅ አላሰማም። እንደገና ተጫነች።

ንጋቱ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር። የዝናብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም።

«በእጄ እከፍተዋለሁ» አለ።

«ማዕከሉ አልፈቀደም።»

«ማዕከሉ እስኪፈቅድ ኖራው አብጦ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ሰፈሩ ያለው ከሥሩ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

መለኪያውን አየች። ሠላሳ አምስት።

«ግባ» አለችው። «ቶሎ ውጣ ግን።»

ይህን ቃል በኋላ ለብዙ ሰው ተናግራዋለች። አንድም ሰው አልወቀሳትም።

ወደ መዝጊያው የሚወስደው መንገድ ከጎተራው ሥር የተቆፈረ አርባ ሜትር መተላለፊያ ነው። መግቢያው ላይ የብረት በር አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የመዝጊያው መሪ ያለበት ትንሽ ክፍል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ስልክ፣ ንባቡ በልኬለሽ ክፍል ብቻ የሚታይ ሙቀት መለኪያና ከላይ አየር የሚያወርድ ቧንቧ አለ። ንጋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ከዚያ ስልክ ደወለ።

«ደርሻለሁ። መሪው ጠጥሯል ግን ይዞራል።» ሲያቃስት ተሰማት። «ሩብ ዞረ።»

ከዚያ ወፍራም ሸራ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ መጣ። የክፍሏ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ውሃ የጠጣ ኖራ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ከመተላለፊያው በስተግራ የነበረው ያበጠ ኖራ ግድግዳውን ገፍቶ ጣለውና ውስጥ ገባ።

«ንጋቱ! ንጋቱ?»

ለትንሽ ጊዜ ሳል ብቻ ነበር የሚሰማው።

«አለሁ» አለ። «አልተጎዳሁም። የመጣሁበት መንገድ ግን የለም፤ መሪውም ተጣብቆ አይዞርም። እስከ ጣሪያው ድረስ ነጭ ነው።»

«እርጥብ ነው ደረቅ?»

«ግማሹ ይጨሳል።»

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። የጥገና ኃላፊው አቶ ደምሰው አሥራ አራት ሰዎች ይዘው በሩን ከፈቱ። መከላከያ ልብስ የለበሰ ሰው መተላለፊያው ውስጥ መቆየት የሚችለው አሥር ደቂቃ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው እየገቡ በአካፋ ይዝቁ ነበር። ውሃ ማፍሰስ አይቻልም። ትልቅ ማሽን ማስገባት አይቻልም። ፍርስራሹን የሚጠርግ በርቀት የሚነዳ ማሽን ከአዲስ አበባ ተነሥቷል ተባለ።

ማዕከሉም አሁን ሌላ ሰው ወደ ስልኩ አቀረበ። ዶክተር አምኃ ይባላሉ፤ የኖራ ኬሚስት ናቸው። ልኬለሽ ሁሉንም ንባብ ነገረቻቸው። ሲጽፉ ይሰማታል።

«ወይዘሮ ልኬለሽ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ይንገሩኝ።»

«የውሃውን የራሱን ትስስር ለመበጠስም ጥቂት ሙቀት ይጠፋል። አዲሱ ትስስር የሚያወጣው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የሚያቃጥለን ልዩነቱ ነው። እዚያ የገባው ውሃ ኖራ አግኝቶ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አያስቆመውም። ትእዛዝ አይሰማም።»

«የገባው ስንት ነው?»

«አላውቅም። ቱቦው መቼ እንደተሰነጠቀ የሚያውቅ የለም።»

«እሱ ያለበት ክፍል ስንት ይደርሳል?»

«አሁን ስንት ነው?»

«አርባ ሦስት።»

ዶክተሩ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ፣ «ሙቀቱን ከዚያ የሚያወጣ መንገድ ካለ ያ ነው የሚረዳው» አሉ።

ልኬለሽ ስልኩን እንደያዘች በመስኮቱ ቁልቁል ሰፈሩን አየች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። ከጎተራው ሥር የሚነሣው የዘይት ቧንቧ የንጋቱን ክፍል ግድግዳ ታክኮ አልፎ ወደነዚያ ቤቶች ይወርዳል። የሰፈሩን ዋና ቫልቭ ከወንበሯ ሳትነሣ መክፈት ትችላለች። የየቤቱ ግን የታሸገ ነው።

የሙቀት ሰዓት የሚነገርበትን ድምፅ ማጉያ ከፈተች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ማጉያ ከሁለት ቃል በላይ ተናግራ አታውቅም፤ «ተለቋል» እና «ሊዘጋ ነው»።

«የጎተራ ሥር ሰዎች፣ ልኬለሽ ነኝ። ንጋቱ ጎተራው ሥር ተዘግቶበታል። ሕይወቱ አለ። ክፍሉ እየጋለ ነው። ሙቀቱን ወደ እናንተ መሳብ እፈልጋለሁ። ቫልቮቻችሁን ክፈቱልኝ። ማኅተሙን ቁረጡት። መስኮትና በር ክፈቱ፤ የቻላችሁትን ያህል ሙቀት ወደ ውጭ አስወጡ። እባካችሁ።»

ወዲያው ስልኳ ጠራ። እትዬ ተናኜ ነበሩ፤ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት።

«ልኬ፣ ማኅተሙን ስንቆርጥ ማዕከሉ አይቀጣንም?»

«ይቀጣል እትዬ። አልዋሽዎትም።»

«እሺ። አወቅነው እንግዲህ» አሉና ዘጉት።

ፒንሳ ይዘው ከቤት ቤት የዞሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤቱ ሥራ የሄደበትን ቤት አጥር ዘለው የገቡ ጎረምሶችም ነበሩ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ልኬለሽ ዋናውን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ሐምሌ ውስጥ፣ በረፋድ፣ ያን ሁሉ ሙቀት ሰፈሩ አይቶ አያውቅም። ቤቶቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አርባ ዲግሪ አለፉ። ሽማግሌዎች በወንበራቸው እንደተቀመጡ ወደ ውጭ ተወሰዱ። አራስ ያለችበት ቤት ሰዎች ፍራሽ ይዘው ጎረቤት በረንዳ ላይ አረፉ። ሕዝቡ ቤቱን በሰፊው ከፍቶ፣ ራሱ ላስቲክ ተከናንቦ ካፊያው ውስጥ ተቀመጠ። ከየጣሪያው ላይ እንፋሎት ይነሣ ነበር።

የንጋቱ ክፍል መለኪያ አርባ ዘጠኝ ላይ ቆመ። አምስት ሰዓትም ሆነ፤ አርባ ዘጠኝ ነው።

«ልኬ፣ ምን አደረጋችሁ?» አለ በስልኩ። «በጀርባዬ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለል አለኝ።»

«ሰፈሩ በሙሉ ቫልቭ ከፍቷል። ሙቀቱን እየወሰዱልህ ነው።»

«ማኅተሙንስ?»

«ቆረጡት።»

«እትዬ ተናኜም?»

«ፒንሳ ይዘው የዞሩት እሳቸው ናቸው።»

«ይገርማል» አለ። ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። «አምና የልጅ ልጃቸው ታሞ ማኅተም ሲቆርጡ አይቼ ጠቁሜባቸዋለሁ። ወሩን ሙሉ በብርድ ከረሙ። እኔ መሆኔን አያውቁም።»

«ስትወጣ ትነግራቸዋለህ።»

«ስወጣ እነግራቸዋለሁ።»

ለሁለት ሰዓት ያህል ነገሩ ሊሳካ ይመስል ነበር። የአቶ ደምሰው ሰዎች ከተዘጋው ሠላሳ ሜትር ስድስቱን ጠርገው ጣሪያውን በብረት ደገፉ። የሰፈሩ ወንዶች የጎርፉን ቱቦ ከላይ በኩል በአፈር ጆንያ ደፍነው ውሃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት። ዶክተር አምኃ እንኳ ድምፃቸው ተለወጠ። «አዲስ ውሃ ካልገባ» ይሉ ጀመር፤ «አዲስ ውሃ ካልገባ።»

አዲስ ውሃ አልገባም። አስቀድሞ የገባው በቂ ነበር። መሠረቱ ላይ የተኛው ውሃ በሙቀቱ ተንኖ ወደ ላይ ወጣና እስካሁን ደረቅ የነበረውን ኖራ አገኘው። ሰባት ሰዓት ላይ እስካሁን ያልተነቃነቀው አራተኛው መለኪያ ተነሣ። ከዚያ አምስተኛው። ከጎተራው ሆድ ውስጥ ሩቅ መኪና ሲያልፍ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማ ጀመር። የሰፈሩ ቧንቧዎች መውሰድ የሚችሉትን ያህል እየወሰዱ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አይችሉም።

ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ሦስት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ደምሰው ወደ ክፍሏ ወጡ። ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነዋል። ልብሳቸውን ስላላራገፉ አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ልኬለሽ፣ የመተላለፊያው ጣሪያ እየወረደ ነው። ከደገፍንባቸው ብረቶች ሁለቱ ጎብጠዋል።»

ወደ እሳቸው ዞረች።

«ሰዎቼን አውጥቻለሁ» አሉ። «ከገቡ አይወጡም። እኔ ብቻዬን እገባለሁ ብዬ ነበር፤ ያዙኝ።»

«ደግ አደረጉ፣ ጋሼ» አለች። አቶ ደምሰው ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ እዚያው ደፍ ላይ ቆመው ነው ያሳለፉት።

«ምን አሉሽ?» አለ ንጋቱ። ስልኩ ክፍት ነበር።

«ትንሽ ሊያርፉ ነው።»

«ስንት ደረሰ?»

መለኪያው ሃምሳ ሰባት ይላል። «ሃምሳ አንድ» አለች።

«ልኬ፣ እዚህ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ» አላት።

ድምፁ ቁጣ የለበትም። እሷም አላስተባበለችም።

«ሃምሳ ሰባት ነው።»

«እንደሱ በይኝ። በኮዳዬ ያለው ውሃ ወደ ግማሽ ሊትር ነው። እየተጎነጨሁ ነው። ላቤ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ኖራው ይንጫጫል። እዚህ ከኔ ሌላ እርጥብ ነገር የለም።»

በአየር ቧንቧው ቀጭን የውሃ ጎማ ሊያወርዱለት ሞክረው ነበር። ቧንቧው ሦስት ቦታ ይታጠፋል፣ መጨረሻውም በወንፊት የተዘጋ ነው። ንጋቱ ወንፊቱን በመፍቻው ቢመታው አልላቀቅ አለ። የሚወርደው አየርም የክረምት አየር ነው፤ እርጥበት አለው። ካልወረደ ይታፈናል፤ ሲወርድ ደግሞ እግሩ ሥር ያለውን ኖራ ያሞቀዋል። ልኬለሽ ማራገቢያውን ከፍ ስታደርግ መለኪያው ይነሣል፣ ዝቅ ስታደርግ የንጋቱ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇን ከመቆጣጠሪያው አነሣችና ባለበት ተወችው።

ዶክተር አምኃ ገና መስመር ላይ ነበሩ። «የሚሞከር ሌላ ነገር አለ?» አለቻቸው።

«የለም» አሉ። «ብዋሽዎት ደስ ባለኝ። እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።»

ሰፈሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። በማጉያው አልነገረቻቸውም። ቤቶቹ ሃምሳ ዲግሪ ሊደርሱ ነበር። የፕላስቲክ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ ይለሰልሱ ጀመር፤ አንድም ሰው ግን ቫልቭ አልዘጋም። ከመስኮቷ ቁልቁል ስታይ እትዬ ተናኜ ጃንጥላ ይዘው ቁጭ ብለው ወደ ጎተራው አንጋጠዋል። ዝናቡ በርትቷል።

«አውሪኝ እስቲ» አለ ንጋቱ። «ስለ መለኪያ አይደለም።»

«ምን ላውራህ?»

«የፈለግሽውን።»

ያን ጊዜ ወደ አእምሮዋ የመጣላት ትልቅ ነገር አልነበረም። የጓሮው ጎመን በበረዶ መመታቱን ነገረችው። የእህቱ ልጅ ሐዋሳ ተመድባ ደብዳቤ እንደላከችና ሳያነበው ጠረጴዛ ላይ እንደረሳው ነገረችው። ምን እንደሚል ጠየቃት። ታስታውሰው ስለነበር ከሞላ ጎደል ነገረችው። ሥራው ከባድ ነው፣ አለቃዋ ጨቅጫቃ ነው፣ ሐይቁ ጥሩ ነው፣ ለመስቀል እመጣለሁ ትላለች።

«ሐይቁ ጥሩ ነው አለች?»

«ማታ ማታ በእግር እንሄዳለን ትላለች።»

«እንሄዳለን? ከማን ጋር?»

«አልጻፈችም።»

«አለ አንድ ሰው ማለት ነው» አለ። ደስ ያለው ይመስላል። ቃላቱ ግን መጎተት ጀምረው ነበር፤ ምላሱ ደርቋል።

መለኪያው ስልሳ አራት ይላል። ከዚያ በኋላ አላየችውም። ወንበሯን አዞረች።

«ዝናቡስ?» አላት ቆይቶ።

መስኮቱ ላይ እየወረደ ነበር። ከታች ያሉት ሰዎች ጃንጥላዎች ብቻ ይታያሉ።

«አባርቷል» አለች። «ፀሐይ ወጣች።»

«ጥሩ» አለ። ይህን አልተከራከረም።

አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ፣ «ስልኩን አትዝጊው» አላት።

«አልዘጋም።»

«እንዲሁ ይሁን። ባላወራም።»

ትንፋሹን ለሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሰማች። አጭር ነበር፤ እንደሚሮጥ ሰው። ከዚያ ማራገቢያው ብቻ ተሰማ። ስሙን ጠራች። ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠራች። አቶ ደምሰው ደፉ ላይ እንዳሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከአዲስ አበባ የተላከው ማሽን መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደረሰ።

ጎተራው አልፈነዳም። ምዕራባዊ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ ግን ቆመ። ሙቀቱ በቤቶቹ በኩል ባይወጣ ኖሮ በዚያው ቀን ይፈርስ ነበር ብለው ዶክተር አምኃ ለማዕከሉ ጻፉ። ስለዚህ በማኅተም ቆረጣ የተቀጣ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ጎተራው እስኪበርድ ቫልቮቹ ክፍት ይሁኑ የሚል ትእዛዝ መጣ። መተላለፊያውን እስከዚያ መንካት አይቻልም። «ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አሏት ዶክተሩ። ለቅሶ ሊደርሱ ራሳቸው መጥተው ነበር። እንዳሰበቻቸው አልነበሩም፤ አጭር፣ መነጽራቸው በላስቲክ የታሰረ ሰውዬ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ተነሡ።

ድንኳኑ የተተከለው ከቤት ውጭ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ አርባ አራት ዲግሪ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ጭቃ ላይ በተደረደረ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ልኬለሽ ግን ውስጥ ነበረች። ከቧንቧው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ በሩን ዘግታ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ተናኜ ገቡ። ነጠላቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ ላባቸው ወዲያው መውረድ ጀመረ።

«ልጄ፣ የሰፈሩ ሁሉ ክፍት ነው፤ የሌሎቹ ይበቃል። ያንቺን ዝጊው። ይሄ ሙቀት ልብሽን ያቆመዋል።»

«ይተዉኝ፣ እትዬ።»

«ምን ይጠቅምሻል?»

«ሙቀቱ ከሱ ጋር ነው ያለው» አለች ልኬለሽ። «ከዚያ ነው የሚመጣው።»

እትዬ ተናኜ ቫልቩን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«አምና የጠቆመብዎት እሱ ነው» አለች ልኬለሽ። «ስወጣ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ተናኜ። «ያን ቀን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አይቼዋለሁ።»

አንድ ሰዓት ያህል ከሷ ጋር ተቀምጠው ወጡ። በማግስቱም መጡ፣ ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ መጡ።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ሙቀቱ መቀነስ ጀመረ። ልኬለሽ ቤቷ መለኪያ የላትም፤ ጠዋት ጠዋት መዳፏን ቧንቧው ላይ ታሳርፋለች። መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ መያዝ ቻለች። ከዚያ አሥር። ሐምሌ ሃያ ሰባት ቀን መዳፏን አሳርፋ የፈለገችውን ያህል መተው ቻለች፤ ቧንቧው የሰው ገላ ያህል ነበር። በዚያ ቀን ከአጠገቡ አልተነሣችም። እትዬ ተናኜ ምግብ አምጥተው አይተዋት ሰሃኑን አስቀምጠው ሄዱ።

ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ብረቱ ቀዝቅዞ አገኘችው። እንደገና ነካችው፤ በሌላው እጇም ነካችው። ከዚያ ፊቷን ታጠበች፣ ጫማዋን አደረገችና ዳገቱን ወጣች።

አቶ ደምሰውና ሰዎቻቸው አካፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ማዕከሉ የላከው የፈቃድ ወረቀት በእጃቸው አለ፤ ግን በሩን ገና አልከፈቱም። ስትመጣ ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት።

«በርዷል?» አሏት።

«በርዷል» አለች።

አቶ ደምሰው ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው መቀርቀሪያውን ያዙ። ልኬለሽም እጇን ከእጃቸው አጠገብ አደረገች፤ አብረው ሳቡት።